በቀኝ በኩል የተቀመጠው ሰው

ያን ሰው መጀመሪያ ያገኘሁት ቀን እጄን አወናጭፌ አባረርኩት። እሱ እስከ ዛሬ ለሰው ሲያወራ «ገና ልቀመጥ ስል እሽ አለችኝ» ይላል። እሽ እንኳ አላልኩም። እጄን ግን አወናጭፌያለሁ፤ እሱን አልክድም።

የጎልማሶች ትምህርት በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት ነው። የምንማረው ከሥራ በኋላ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሕፃናቱ ወጥተው ክፍላቸው ባዶ ሲሆን ነው። አግዳሚ ወንበሩ ለስምንት ዓመት ልጅ የተሠራ ስለሆነ ጉልበታችን አገጫችንን ሊነካ ይደርሳል። መጽሐፍ ስለማይበቃ አንድ መጽሐፍ ለሁለት ሰው ነው የሚሰጠን።

በዚያ ቀን ዓይኔ ፊት ትንንሽ ጥቁር ነገር ይዞርብኝ ነበር። ዝንብ ነው ብዬ እጄን ሰነዘርኩ። ለካ አንድ ግዙፍ ሰው ከጎኔ ሊቀመጥ ጎንበስ ብሎ ኖሯል።

«ይቅርታ፣ ቦታው ሰው አለው እንዴ?» አለኝ።

«ኧረ የለውም» አልኩት ደንግጬ።

«ሲያባርሩኝ ጊዜ ነዋ።»

«ዝንቡን ነው።»

ግራና ቀኝ አየ። ክፍሉ ውስጥ አንድም ዝንብ የለም። «እሺ፣ ዝንቡ ከሄደ ልቀመጥ» ብሎ ቁጭ ሲል አግዳሚው ሲጥ አለ፤ እኔ በሌላው ጫፍ ወደ ላይ የተነሣሁ መሰለኝ። ከኋላችን ያለችው አትክልት ሻጭ ሳቋ አመለጣት። እኔም ሳቅሁ። ክፍል ውስጥ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነበር።

ሥራው ሶፋ መሥራት ነው። ፀጉሩ ላይ ሁልጊዜ የስፖንጅ ፍርፋሪ አይጠፋም። ክፍሉ በሙሉ «ሶፋው» ይለዋል፤ እሱም አቤት ይላል። ግራ ዓይኑ አያይም። «የሶፋ ሞላ ተፈናጥሮ መታኝ» ብሎ ነግሮናል። የተቀመጠው በቀኜ ስለሆነ እኔ የምገኘው በማያየው በኩል ነው። እኔን ለማየት አንገቱን በሙሉ ማዞር አለበት። ያዞራልም። አንድ ገጽ አንብበን እስክንጨርስ አምስት ስድስት ጊዜ ያዞራል።

«መጽሐፉ እዚህ ነው» እለዋለሁ።

«አውቃለሁ፤ እዚያም ጥሩ ነገር አለ ብዬ ነው» ይለኛል።

አርባ ሦስት ዓመቴ ነው። ልብስ አጣቢ ቤት ውስጥ ልብስ እተኩሳለሁ፤ ቀኑን ሙሉ በእንፋሎት መሃል ቆሜ የሰው ሸሚዝ ሳቃና እውላለሁ። እንደዚህ ያለ ወሬ ማንም ነግሮኝ አያውቅም። በዚያ ሳምንት የራሴን ሸሚዝ ሁለቴ ተኩሼ ለበስኩ።

«እማዬ፣ ሽቶ ተቀባሽ እንዴ?» አለችኝ ልጄ።

«የሳሙናው ነው።»

«ሳሙናችን እንደዚህ ይሸታል? እስቲ እኔም ልታጠብበት።»

ልጄ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ብቻዬን ነው ያሳደግኋት። ምላሷ ስለት ነው፤ ልቧ ግን ቅቤ። ስለ ሶፋው ስነግራት ትስቃለች፤ «ዛሬስ ሶፋው ምን አለ?» ብላ ትጠይቀኛለች። ያልነገርኳት ነገር አንድ ብቻ ነው። እሱን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ኤችአይቪ በደሜ ውስጥ አለ። ስምንት ዓመት ሆኖኛል፤ ከሟቹ ባለቤቴ ነው። ያኔ ልጄን ወስጄ አስመረመርኳት፤ ነፃ ነበረች። ለምን እንደመረመሯት ግን አልነገርኳትም። መድኃኒቴን ሰባት ዓመት ገደማ በስኳር ቆርቆሮ ውስጥ ደብቄ ሳላቋርጥ ወሰድኩ። ደህናም ነበርኩ።

ከዚያ ልጄ ሥራ አገኘች። እኔ በምከታተልበት ጤና ጣቢያ፣ ካርድ ክፍል። እየዘለለች መጥታ አንገቴ ላይ ስትጠመጠም እልል አልኩላት። ጓዳ ስገባ ግን የስኳሩን ቆርቆሮ አንስቼ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ሰቀልኩት። ሌላ ቦታ ልከታተል ብል የማዛወሪያ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ወረቀቱን የምጠይቀው ደግሞ ከዚያው መስኮት ነው። መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው ልጄ ናት። አንድ ወር ልዝለል አልኩ። ከዚያ ሁለት። እነሆ ዓመት ከሁለት ወር ሆነኝ። ምንም አላመመኝም እያልኩ ራሴን ሳታልል ቆየሁ።

ነጥቦቹም አያሙም። መጽሐፉ ላይ ዓይኔን ስተክል ጥቃቅን ጥቁር ነገሮች በፊደሎቹ መሃል ይዋኛሉ። እኔ ምን አልኩ? ይኸ የማንበብ ነገር ነው አልኩ። ዓይን ፊደል ሳይለምድ አርባ ዓመት ቆይቶ በድንገት ሲያስገቡለት እንዲህ ያደርጋል፤ የሚያነቡ ሰዎች ሁሉ የሚያዩት ይኸንኑ ነው፤ ለምደውት ነው ዝም የሚሉት አልኩ። ደግሞ አልጠየቅሁም። የማያውቅ ሰው ሲጠይቅ አለማወቁ ይታያል ብዬ ፈራሁ።

አንድ ቀን ሥራ ቦታ የደንበኛ ሸሚዝ አቃጠልኩ። ቀኝ እጅጌውን። ካውያውን አስቀምጬበት እዚያ መኖሩን አላየሁም። አሠሪዬ «ልብሽ የት ሄዷል?» አለችኝ። ልቤማ የሄደበትን አውቃለሁ፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የሚቀመጥበት አግዳሚ አለው። ፍቅር ነው ያደነዘዘኝ ብዬ በራሴ ሳቅሁ። እንደዚያ ስቄ ወደ ክፍል በሄድኩበት ቀን ሶፋው ቦታውን ለውጦ አገኘሁት።

ከኋላ፣ ከአትክልት ሻጯ ጎን ተቀምጧል። አላየኝም፤ ወይም አላየሁም አለ። መምህርቷ «ጋሼ፣ ምነው ቦታ ቀየሩ?» ስትለው «እዚህ ብርሃን አለ» አላት። በማግስቱም እዚያው። በሦስተኛው ቀንም እዚያው።

ሽቶ ተቀብቼ፣ ሸሚዝ ሁለቴ ተኩሼ! በአራተኛው ቀን ትምህርቱ ሲያልቅ በሩ ላይ ጠብቄ ያዝኩት።

«ምን በደልኩዎት?» አልኩት።

«ምንም።»

«ምንም ካልሆነ ሰው ቦታውን አይለቅም።»

ባለፈው አርብ ያደረግሁትን ነገረኝ። ወንበሩ ወገቤን እንደሚያሳምመኝ ሰምቶ ትራስ ሠርቶልኛል። ከምርጥ ስፖንጅ፣ ዳር ዳሩን በእጁ ሰፍቶ። ደብተሬን ስሰበስብ ይዞ አጠገቤ ቆመ። «ይኸ ለእርስዎ ነው» አለኝ። ክፍሉ ይንጫጫ ነበር። እኔ ፊቴን እንኳ ሳላዞር፣ ደብተሬን አቅፌ፣ ጥዬው ወጣሁ።

«ሰው ሁሉ እያየ» አለ። «አትክልት ሻጯ ‹ለእኔ ስጠኝ› ብላ አላገጠችብኝ። ካልፈለጉኝ አልፈልግም ይበሉኝ፤ እንደ ግድግዳ ግን አያሳልፉኝ።»

«የምን ትራስ?» አልኩት።

«እንዴት የምን ትራስ?»

«ትራስ አላየሁም። በየት በኩል ቆመው ነበር?»

«በቀኝዎ። አሁን እንደቆምኩት፣ እዚሁ አጠገብዎ።»

ትኩር ብሎ አየኝ። ፊቱ ላይ የነበረው ኩርፊያ ቀስ እያለ ጠፋ፤ በእሱ ፈንታ የመጣው ነገር ግን ከኩርፊያው ይበልጥ አስፈራኝ።

«እስቲ ወደ ፊት ይመልከቱ፤ ያንን የውኃ ቧንቧ። ጣቴን ሲያዩት ይንገሩኝ» አለኝ።

ቧንቧውን አየሁ። ጠበቅሁ።

«እሺ፣ ይጀምሩ» አልኩት።

«ጀምሬያለሁ። እያወዛወዝኩት ነው።»

«የቱን ጣት?»

ዞር ስል እጁ ጆሮዬ አጠገብ ተዘርግቷል።

«ያኔ ዝንብ ብለሽ ነበር» አለ። አንቺ እንዳለኝ እሱም አልታወቀውም፣ እኔም ያኔ ልብ አላልኩትም። «ያ ዝንብ አሁንም አለ? ወረቀት ስታዪ ይመጣል?»

«ለሁሉም ሰው አይታይም?»

«አይታይም። ብልጭታስ ታያለሽ? መብራት ጠፍቶ የሚበራ የሚመስል?»

«አልፎ አልፎ።»

ክንዴን ይዞ ሰው ከማይሰማን ቦታ፣ ከቧንቧው ጀርባ ወሰደኝ።

«ይኸ ነገር አያምም፤ ስለማያምም ነው ሰው የሚሸወደው። እኔን አላመመኝም። አንድ ቀን ጠዋት ስነሣ ግራው ጠፍቷል።»

«አንተን ሞላ ነው የመታህ።»

«ሞላ አይደለም። ኤችአይቪ አለብኝ። ሳላውቀው ቆይቼ፣ ሰውነቴ ተዳክሞ፣ ሌላ በሽታ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ወደ ቀኙ ሲሻገር ሐኪሞቹ ደረሱበት። ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ዛሬ ለአንቺ ነገርኩ።»

እንዲህ ያለ ልብ ለተገለጠለት ሰው መልሱ ምን መሆን ነበረበት? እኔ ግን የመለስኩት እንዲህ ነበር፦

«እኔ በሽተኛ እመስላለሁ?»

«እንዲያ አላልኩም።»

«ብለሃል። ዓይንህን ስላጣህ ሰው ሁሉ አንተን ይመስልሃል።»

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ራሴን አቃጠለኝ። እሱ ግን አልተቆጣም።

«ስደቢኝ፤ ግድ የለም» አለኝ። «ብቻ ነገ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ከነገ ወዲያ አትበዪ።»

እየሮጥኩ ወደ ቤት ሄድኩ። የተናደድኩት ውሸት ስለተናገረ አይደለም።

ልጄ ጠረጴዛው ላይ የተቀደደ ካልሲ እየሰፋች፣ በዚያ ቀን መስኮቷ ላይ ወረፋ ሊያልፍ የሞከረ ጎረምሳ ምን እንዳለችው ትነግረኝ ነበር። እጆቿን እያወናጨፈች። ትይዩዋ ተቀመጥኩና ግራ ዓይኔን በመዳፌ ሸፈንኩ።

የልጄ ፊት ግማሹ የለም። ከአፍንጫዋ ወዲያ ምንም የለም። ጨለማ ቢሆን ጨለማ እለው ነበር፤ ጨለማም አይደለም። እንደሌለ ነው። ድምጿ ግን ከዚያ ከሌለው አፏ እየወጣ ይሰማኛል።

«እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው በአንድ ዓይን የምታዪኝ?»

«ቆሻሻ ገብቶብኝ።»

«ነይ ላየው።»

«ወጣ።»

በዚያች ምሽት ከራሴ ጋር ተከራከርኩ። ምስጢሬን ብጠብቅ የልጄን ፊት አጣለሁ። ፊቷን ልጠብቅ ካልኩ ምስጢሬን ይዤ መስኮቷ ላይ መቆም አለብኝ። ሦስተኛ መንገድ ፈለግሁ፤ አጣሁ። ከዚያ ወዲያ ተኛሁ፤ የሚገርመው፣ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ጠዋት ወደ ሶፋው ሱቅ ሄድኩ። ገና መክፈቱ ነው። ምስማሮች በከንፈሩ ይዞ፣ ሽፋኑ የተገፈፈ ሶፋ ላይ ተንበርክኳል። ሲያየኝ ምስማሮቹን አንድ በአንድ ከአፉ አወጣ።

«እኔም አለብኝ» አልኩት። «መድኃኒቱን ዓመት ከሁለት ወር አቋርጫለሁ። ትናንት ያልኩህን ይቅር በለኝ። አሁን ልሄድ ነው፤ ብቻዬን ግን ፈራሁ።»

«ጃኬቴን ልያዝ» አለኝ።

ጃኬቱን ብቻ አይደለም የያዘው፤ ትራሱንም ይዞ ወጣ። የጤና ጣቢያው አግዳሚ ሲሚንቶ ነው አለኝ። አንድ ደንበኛ «ሶፋዬ ራቁቱን ቀረ እኮ!» ብሎ ሲጮህበት «ሙቀት ነው፣ አይበርደውም» ብሎት አለፈ። እኔ ወደ መታወር እየሄድኩ ይሁን ወደ መዳን አላውቅም፤ ግን መንገድ ላይ ሳቄ ፈነዳ።

ስለ ልጄ ነገርኩት። ሰምቶ ቆም አለ።

«ካርድ ክፍል? ያቺ ኃይለኛዋ?»

«ታውቃታለህ?»

«እኔም እኮ እዚያ ነው የምከታተለው። አንዴ አንድ ሰው ብቀድም ወደ ወረፋው መጨረሻ መለሰችኝ። ያቺ ያንቺ ልጅ ናት? ወይ ጉዴ።»

ከፊቴ ስምንት ሰዎች ነበሩ። ቆጥሬያቸዋለሁ። ሰባት፣ ስድስት፣ አምስት። ሁለት ሲቀሩ ለመመለስ ዞርኩ። ሶፋው ከኋላዬ ቆሟል፤ የእሱን ትከሻ አልፎ የሚሄድ የለም።

«ቀጣይ» አለች ልጄ ቀና ሳትል። «የካርድ ቁጥር?»

ቁጥሩን ነገርኳት። ድምፄን ስትሰማ ቀና አለች።

«እማዬ? ምን ሆንሽ?»

«ቁጥሩን ፈልጊው፣ ልጄ።»

«አንቺ እኮ እዚህ ካርድ የለሽም።»

«አለኝ።»

ወደ መደርደሪያው ሄደች። ማህደሮቹን ስታገላብጥ ይሰማኛል። ስትመለስ ካርዴን ይዛለች፤ ከፍታ አነበበችው። አንድ መስመር አንብባ ወደሚቀጥለው ስትሄድ ዓይኗን እከተላለሁ። ከኋላ ያለው ሰው ማጉረምረም ጀመረ፤ «ኧረ እህት፣ ሥራ አለን።» ሶፋው «ትንሽ ታገሥ፣ ወንድሜ» ሲለው ሰማሁ።

«መጨረሻ የመጣሽበት ቀን...» አለች ልጄ። ድምጿ ቀጠነ። «እኔ ሥራ ከመጀመሬ በፊት ባለው ሳምንት ነው።»

«አዎ።»

«በእኔ ምክንያት ነው ያቆምሽው?»

ላስተባብል ፈለግሁ። አልቻልኩም። «ዓይኔን አሞኛል» አልኳት። «ዛሬ ካልታየሁ ይጠፋል።»

ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች። ከጎኗ ያለችውን ልጅ «ወንበሬን ያዢልኝ» አለቻትና በጎን በር ወጣች። ልታቅፈኝ ነው ወይስ ልትጮህብኝ ነው እያልኩ ስጠብቅ በቀኝ በኩል መጥታ ክንዴን ያዘችኝ፤ ሳላያት ስለደረሰች ደንግጬ ተደናቀፍኩ።

«በዚህ በኩል አይታይሽም?»

«አይታየኝም።»

በግራዬ ዞረች። «ነይ» አለችኝ። ሁለት ሐኪም፣ አንድ ነርስ፣ አንድ የላቦራቶሪ ሰው እየጠራች እያስቸኮለች ስትመራኝ ያቺ ወረፋ የምታስከብረው ልጅ የት ሄደች አልኩ። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ስንደርስ ግን ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች።

«ስኳሩን ለምን ከላይ መደርደሪያ ታስቀምጪዋለሽ ብዬ ጠይቄሽ ነበር» አለችኝ። «ጉንዳን ነው አልሽኝ።»

«አፈርኩብሽ፣ ልጄ።»

«እኔ እኮ የማንንም ነገር ከዚህ ግቢ አውጥቼ አላውቅም። ስለ ሶፋው ስታወሪልኝ ማን እንደሆነ አውቄ ነበር፤ ትንፍሽ አላልኩም። የራሴን እናት እንዴት አልሸሽግም?»

ሶፋው ትራሱን አቅፎ ራቅ ብሎ ቆሟል። ልጄ አየችው።

«ጋሼ፣ የእርስዎ ቀጠሮ ገና ሁለት ሳምንት አለው» አለችው በእንባዋ መሃል።

«አውቃለሁ» አላት። «ዛሬ ሸኚ ነኝ።»

ወረቀት ጽፈው በዚያው ቀን ወደ ዓይን ሆስፒታል ላኩን። ሐኪሟ ዓይኔ ውስጥ ጠብታ ጨምራ፣ ክፍሉን አጨልማ፣ በብርሃን ረጅም ጊዜ አየችኝ። ደሜም ተመርምሮ ነበር፤ የመከላከል አቅሜ እጅግ ወርዷል።

«እናቴ፣ በሽታው ያለው ከዓይንዎ ጀርባ፣ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን ላይ ነው» አለችኝ። «የጠፋው አይመለስም፤ አልዋሽዎትም። ግን መሃሉን አልነካውም። ግራዎም ንጹሕ ነው። የቀረውን ማዳን እንችላለን። ዓይን ውስጥ መርፌ እንሰጣለን፤ ግን መርፌው ብቻውን አይበቃም። የኤችአይቪ መድኃኒትዎን እኛ በምንነግርዎ ቀን መልሰው ካልጀመሩ በሽታው ይመለሳል።»

እኔ የሰማሁት «ማዳን እንችላለን» የሚለውን ነው። ከዚያ «መርፌ» ያለችው ደረሰኝ።

«የት ነው መርፌው?»

«ዓይን ውስጥ።»

ከወንበሩ ልነሣ ስል ሶፋው ከበሩ በኩል «ተወግቻለሁ፤ የሚያስፈራው መጠበቁ ነው» አለኝ። እጁን ሰጠኝ። በእኔ እጅ ላይ የእሱ እጅ እንደ ስፖንጅ ይለሰልሳል ብዬ አስቤ ነበር፤ እንደ ሰሌን ሻካራ ነው። አጥብቄ ያዝኩት። ማደንዘዣ ጨመሩ፤ መርፌው ሲገባ ጫን የሚል ነገር ብቻ ተሰማኝ። ሲያልቅ «አለቀ?» አልኩ። «አለቀ። የእኔ ጣት ግን ሳይሰበር አይቀርም» አለኝ።

በየሳምንቱ ረቡዕ መርፌ፣ በየቀኑም ለዓይኔ የሚሆን ኪኒን። ሐኪሞቹ ባሉኝ ቀን የኤችአይቪ መድኃኒቴንም መልሼ ጀመርኩ፤ ልጄ ስኳሩን ወደ ታችኛው መደርደሪያ አወረደችው፤ ኪኒኔን ከውኃው ብርጭቆ አጠገብ በግልጽ አስቀመጠችው። ከትምህርት ስቀር ሶፋው ከክፍል ሲወጣ መጽሐፉን ተውሶ ይመጣል። ዓይኔ ተሸፍኖ ቁጭ ስል ያነብልኛል። እሱ ደግሞ አንባቢ አይምሰላችሁ!

«ላ... ላሟ... ሣር... በ... በ...»

«በላች» እለዋለሁ።

«አንቺ ሳታዪ እንዴት አወቅሽ?»

«ላም ሣር ካልበላች ምን ትበላለች?»

«አራት ገጽ አምልጦሻል» ይለኛል፤ «ግን አትቸኩዪ፤ ላሟ አሁንም እዚያው ሣሩ ላይ ናት።»

እየሳቅን ልጄ ከሥራ ትመጣለች። ደጃፉ ላይ ቆማ ስታዳምጠን ጫማዋን ሳታወልቅ ትቆያለች።

በስድስተኛው ረቡዕ ሐኪሟ አይታኝ «ቆሟል፤ ወደ መሃል አልገፋም» አለችኝ። በአካል ወንበሩ ላይ ነበርኩ፤ በመንፈስ ግን ጣራው ላይ ነበርኩ። ወጥቼ ለሶፋው ነገርኩት። ዓይኔ ገና በፋሻ ተሸፍኗል። አግዳሚው ላይ ከጎኑ አስቀመጠኝ። ከዚያ፦

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነበር፤ ግን ፋሻው ሲፈታ ይሻላል» አለኝ።

«አሁን ጠይቅ፤ የምሰማው በጆሮዬ ነው።»

አግዳሚው ላይ ያሉት ሰዎች ሁሉ ወደ እኛ የዞሩ መሰለኝ።

«በዚህ ዕድሜዬ ወግ ማሳመር አልችልም። ሥራ ሳበዛ ከሱቄ አልወጣም፤ ሳኮርፍ ቦታ እቀይራለሁ፤ አይተሽኛል። ግን ጠዋት ስነሣ መጀመሪያ የማስበው አንቺን ነው። ከእኔ ጋር ትኖሪያለሽ?»

እንደ ኮረዳ ፊቴ ሲግል ተሰማኝ።

«እኖራለሁ» አልኩት። «ግን ልጄን ጠይቃት።»

«እሷን? ያቺን?»

«ፈራህ?»

«መርፌው ይሻለኛል።»

እሑድ ከሰዓት በኋላ መጣ። ፀጉሩ ላይ አንድም የስፖንጅ ፍርፋሪ የለም፤ ያለ እሱ ሌላ ሰው ይመስላል። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ልጄ ትይዩው ተቀምጣ እጇን አጣመረች። እኔ ጓዳ ሆኜ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ፣ ትንፋሼን ይዤ አዳመጥኩ።

«እዚያ የማውቀውን እዚህ አላወራም፤ ምንም እንደማላውቅ ሆኜ ነው የምጠይቅዎት» አለችው።

«ጠይቂኝ።»

«መድኃኒትዎን በስንት ሰዓት ይወስዳሉ?»

«ጠዋት አንድ ሰዓት።»

«እሷ አንድ ተኩል ናት። ማን ነው የሚያስተካክለው?»

«እኔ እጠብቃታለሁ።»

«ስንት ቀን አልፎዎታል?»

«በዘጠኝ ዓመት?» አሰበ። «አንድ ቀን። ሶፋ ጭነን ስንሄድ መኪናው ተበላሽቶ መንገድ ላይ አደርን።»

«አንድም አላለፈኝም ቢሉኝ አላምንዎትም ነበር» አለች። «እሷ እኮ ትደብቃለች። ሲያማት አይናገርም፣ ሲከፋት ትስቃለች። እርስዎ ያውቁባታል?»

«ያለፈውን ሰሞን አውቄባታለሁ። የሚቀጥለውንም እሞክራለሁ።»

«ብታለቅስብኝስ?»

«አብሬያት አለቅሳለሁ። አንድ ዓይን ለዚያ ይበቃል።»

ልጄ ልትስቅ አልፈለገችም ነበር፤ ግን ሳቀች። ከዚያ ወደ ጓዳው ዞራ «እማዬ፣ ውጪ፤ መስማትሽን አውቃለሁ» አለችኝ። ስወጣ ሁለቱም ቆመው ነበር። ልጄ መጀመሪያ እኔን አቀፈችኝ፣ ቀጥላ እሱን። እሱ ግን እጁን የት እንደሚያደርግ አላወቀም፤ የሶፋ ጀርባ እንደሚለካ ሰው ሁለቱንም ዘርግቶ ቆመ።

ከወር በኋላ ተፈራረምን። ሁለታችንም በስማችን ፈረምን፤ እሱ ሦስት ደቂቃ ፈጀበት፣ እኔ ሁለት። መዝጋቢው «ቀጣይ ሰው አለ» ቢለንም አልቸኮልንም።

በዚያው ሳምንት ለመድኃኒት ቀጠሯችን ጤና ጣቢያ ሄድን። ልጄ የሁለታችንንም ቀጠሮ አንድ ቀን አስደርጋዋለች። ወረፋ ግን አላስቀደመችንም፤ ዘጠነኛና አሥረኛ ነበርን። ተራችን ሲደርስ ካርዶቻችንን ከየመደርደሪያው አወጣች። አንድ አዲስ የቤተሰብ ማህደር ከፈተች፤ ላዩ ላይ ቁጥር ጻፈች፤ የእሱን ካርድና የእኔን ካርድ ጎን ለጎን ከታ ዘጋችው። ሥራዋ ነው፣ በቀን ለስንት ሰው ታደርገዋለች። መዳፏን ግን ማህደሩ ላይ ስታቆየው አየሁ። በደንብ አየሁት።

ከዚያ እኛ ሄደን አግዳሚው ላይ ስንቀመጥ ማህደሩን ለነርሷ አሳልፋ፣ ቀና ብላ፣ ለማንም እንደምትጠራው አድርጋ ቁጥሩን ጠራች።

ሁለታችንም ተነሣን።